ወደ ግራ ያዘነበሉ ቅጠሎች

ማሕላ ከተማ፣ መስከረም 20

ልጄ ሂያም፣

እንዴት ሰነበትሽ? እዚያ ባሕር ማዶ ቡርሳ ብርዱ ገባ ወይስ ገና ነው? እኛ ለአላህ ምስጋና ይግባው ደህና ነን። ወንድምሽ ሳብሪ ከነሚስቱ ከነልጆቹ ደህና ነው። እኔም ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከሚያጉረመርምብኝ በቀር ምንም አልሆንኩም።

በስልክ ስትጠይቂኝ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ስላለፍኩሽ ይቅርታ። የሳብሪ ሚስት ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው መሐል ታስቀምጠዋለች፤ ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ ጎረቤት ገብቶ ይቀመጣል። እንደዚያ ባለ ሸንጎ ፊት ሐሳቤ አይሰበሰብልኝም። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ። አንቺም በሳብሪ ሱቅ አድራሻ ጻፊልኝ፤ የስፌት መኪና ዕቃውን ሲሸጥ ስለሚውል ፖስተኛው አያጣውም።

የአባትሽ የጥለት ወረቀቶች ስንት ናቸው ላልሽው አንድ መቶ አርባ ሦስት ናቸው። የእኛ ስለመሆናቸውም አትጠራጠሪ። አባትሽ አላህ ይማረውና ዕድሜውን ሙሉ ለዚያ የጨርቅ ማተሚያ ቤት ጥለት ሲስል ኖሮ፣ ቤቱ ሲዘጋ ወረቀቶቹን ለቆሻሻ ሰብሳቢ ሊያስረክቧቸው ነበር። የኅትመት ክፍሉ አለቃ የነበሩት ኢንጂነር ዊሊያም ናቸው «ሸውቂ፣ ልጆችህን ሰብስብ» ብለው በእጃቸው የሰጡት። በአህያ ጋሪ ጭኖ ሲመጣ አንቺ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ይኸው ሃያ አንድ ዓመት አልጋ ሥር ተኝተው፣ አሁን አንቺ ለኮምፒውተርሽ ፈለግሻቸው። ነጋዴው ሙኒር ጨርቅ ሊገዛ ወደዚያ ስለሚሄድ ሻንጣውን እሱ ያደርስልሻል። እርጥበት እንዳያገኛቸው አደራ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። በሰማያዊ ጨርቅ የታሰረ ጥቅል ታገኛለሽ። ሻንጣውን ሳብሪ ነው ያሸገው እንጂ እኔ ብሆን ያንን አላስገባውም ነበር። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ሥራ ነው። አባትሽ ደክሞት የነበረበት ጊዜ ስለሆነ እንደ ድሮው አይደለም። አትፍቺው። የቀረው ይበቃሻል።

እናትሽ ደውለት


ቡርሳ፣ ጥቅምት 16

እማዬ፣

ሙኒር ሻንጣውን በሰላም አድርሶልኛል፤ አንዲት ወረቀት እንኳ አልታጠፈችም። ብርዱን ለጠየቅሽኝ፣ የተራራው ጫፍ ነጭ ሆኗል። እኔ ግን አንቺ የሠራሽልኝን ሹራብ ደርቤ ነው የምውለው። ባልደረቦቼ «ሂያም ጎተራ መስላለች» ይሉኛል። ይበሉ።

ማሽኑ ወረቀቱን ያኝከዋል ብለሽ አትስጊ። ወረቀቱን መስታወት ላይ አስተኛዋለሁ፣ መብራት ከሥሩ ያልፋል፣ አለቀ። የአባዬ ወረቀቶች ከመስታወቱ ስለሚበልጡ እያንዳንዱን በአራት ቁራጭ አነሳና ኮምፒውተሩ ላይ መልሼ አጋጥመዋለሁ። ከዚያ ቢጫ የሆነውን ወረቀት ነጭ አደርጋለሁ፣ የሻይ ጠብታውን አጠፋለሁ፣ ቀለሞቹን አንድ በአንድ እለያቸዋለሁ። የመጨረሻው ሥራ የቀኙ ጫፍ ከግራው፣ የላዩ ከታችኛው ጋር ሲገጥም ማየት ነው፤ ጨርቁ መቶ ሜትር ቢሆን እንኳ ያው አንዱ ሥዕል እየተደጋገመ ስለሚሄድ መጋጠሚያው ከታየ ጥለቱ ተበላሸ ማለት ነው። እዚህ ያሉት ወጣቶች እዚያ ላይ ቀን ሙሉ ይቸገራሉ። የአባዬ ግን ሁሉም ልክክ ይላል። መጋጠሚያውን ቅጠል ሥር ይደብቀዋል። ፈልጌ ፈልጌ ነው የማገኘው።

አሁን የሚያስቆጣሽን ልንገርሽ። ሰማያዊው ጥቅል ተፈቷል። የምሠራበት የጨርቅ ድርጅት ባለቤት ወይዘሮ ኔስሊሃን ሻንጣውን ስከፍት አጠገቤ ቆመው ነበር፤ «ይህስ ምንድን ነው?» ብለው ራሳቸው ፈቱት። ከዚያ ወዲያ ሌላውን ለማየት ጊዜ አልነበራቸውም። ለመጪው በጋ አሥራ ሁለት ጥለት መርጠው ሊያትሙ ነው፤ ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ከዚያ ጥቅል ናቸው። በጨርቁ ዳር ላይ የአባዬ ስም ይታተማል፤ ስለ ሕይወቱም አጭር ጽሑፍ ይወጣል። ደከመው ያልሽኝ ጊዜ፣ እማዬ፣ እጁ ከምንጊዜውም በላይ የተፈታበት ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። አባዬ በስተመጨረሻ የብሩሽ ዓይነት ቀይሮ ነበር?

ልጅሽ ሂያም


ማሕላ፣ ኅዳር 11

ልጄ ሂያም፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አለፈው። ስላዘገየሁብሽ አትቀየሚኝ፤ የሳብሪ ትንሿ ልጅ ኩፍኝ ይዟት እሷን ሳስታምም ነበር። አሁን ደህና ናት፤ ትናንት ሙሉ ሳህን የሙሉኺያ ሾርባ ጨርሳለች። ሳብሪ የሱቁን ግድግዳ አረንጓዴ ቀባው፤ አላማረበትም፣ እንዳትነግሪው ግን። አክስትሽ ሰላም ብላሻለች።

የአባትሽ ስም በጨርቅ ዳር እንደሚታተም ከነገርኩት ወዲህ ሳብሪ ሥራ ፈትቷል። ሱቅ ለገባ ሰው ሁሉ ያወራል። ለአባትሽ ከማተሚያ ቤቱ የተሰጠውን የምስጋና ወረቀት ከሳሎን አውርዶ አዲስ መስታወት አስገባለትና መልሶ ሰቀለው።

ስለ ብሩሹ የማውቀው ነገር የለም። ብሩሽ ብሩሽ ነው።

ከቀድሞዎቹ ብትመርጡ አይሻልም? ከሰማያዊው ውጪ ዘጠና ስድስት ወረቀት አለ። ለሴትዮዋ በደንብ ብታስረጃት ትረዳሻለች። እናትሽ አንድ ነገር ለምናሽ አታውቅም፤ ይህችን ብቻ እሺ በይኝ።

ደውለት


ቡርሳ፣ ኅዳር 30

እማዬ፣

ትንሿን ልጅ እንኳን አተረፈልን። የምልሽን ረጋ ብለሽ አንብቢው። ካለቀ በኋላ ቅደጂው።

ሥዕሉን ስክሪን ላይ ሳጎላው አንዲት ቅጠል የኔን ፊት ታክላለች። የብሩሹ እያንዳንዱ ጭረት ይታያል። ጭረት ሲጀምር ይወፍራል፣ ሲያልቅ ይሳሳል፤ ስለዚህ እጅ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ ይናገራል። በቀድሞዎቹ ወረቀቶች ሁሉ ጭረቱ ወደ ቀኝ እየሳሳ ይሄዳል። በሰማያዊው ጥቅል ከአርባ ሰባቱ ወረቀት በአርባ አራቱ ወደ ግራ ነው። ቅጠሎቹም አብረው ወደ ግራ ያዘነብላሉ። ይህ የብሩሽ ጉዳይ አይደለም፣ የእጅ ጉዳይ ነው። የሣለው ሰው ግራኝ ነው።

አባዬ ግራኝ አልነበረም። በቤታችን ግራኝ አንድ ሰው ብቻ ናት።

ከምሳ በኋላ የሳሎኑ በር ይዘጋና ሬዲዮው ይከፈት ነበር። «አባታችሁ ያርፋል» ትይን ነበር። አንድ ቀን ሳላንኳኳ ስገባ የግራ እጅሽ ጣቶች ሰማያዊ ሆነው አየኋቸው። የነጭ ልብስ ማድመቂያ ነው አልሽኝ። አመንኩሽ፤ ያልተጠራጠርኩት ስድስት ዓመቴ ስለነበረ ይሆናል።

ለማንም አልተናገርኩም። ግን የኅትመቱ ውል የሚፈረመው በጥር መጨረሻ ነው። የአባዬን ስም ካተምኩ እያወቅኩ ዋሸሁ ማለት ነው። ዘጠኙን ላውጣ ብል ሴትዮዋ ሙሉውን ይተዉታል፤ እንዲያ ብለውኛል። ሳብሪ ደግሞ እንደምትነግሪኝ ከሆነ ለከተማው በሙሉ አውጇል። ምን ላድርግ? እንደዚያ ከሆነ እንደዚያ ነው በይኝ፤ ካልሆነም አይደለም በይኝ። ዝም ብቻ አትበይኝ።

ሂያም


ማሕላ፣ ታኅሣሥ 22

ሂያም፣

እንደዚያ ነው።

ይህችን ቃል ለመጻፍ አሥር ቀን ፈጀብኝ። አሁን ከተጻፈች በኋላ ሌላው ይቀላል መሰለኝ።

አንቺ የአራት ዓመት ልጅ ሳለሽ የአባትሽ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆው ሳህኑ ላይ ሲንኳኳ ሰማሁ። ሐኪሙ የነርቭ ነው አለው፤ መድኃኒት ሰጠው፤ ትንሽ ረዳው፣ ተመልሶ መጣ። አርባ አራት ዓመቱ ነበር። ሥራው እጁ ነው። ያን ጊዜ በግራው እንኳ ሞክሮ ነበር፤ የሕፃን ሥዕል ሆነበት።

አንድ ቀን ያላለቀ ወረቀት ተሸክሞ ገባ። በማግሥቱ ማስረከብ አለበት። ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። በኋላ «ደውለት፣ ይህችን አንዲት ቅጠል ሙይልኝ» አለኝ። እኔ ከማግባቴ በፊት ለሙሽሮች ትራስ ልብስ ላይ የጥልፍ ሥዕል እየሣልኩ እሰጥ እንደነበር ያውቃል። ትምህርት ቤት ሳለሁ በግራ እጄ ስለጻፍኩ አስተማሪዋ በማስመሪያ ትመታኝ ስለነበር ሰው ፊት እርሳስ አልይዝም። እሱ ፊት ግን ያዝኩ። አንዷን ቅጠል ሞላሁ። አንዷ ሁለት ሆነች፣ ሁለቱ አሥር ሆኑ። በዓመቱ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ነበር የሚመጣልኝ።

አሥራ አንድ ዓመት። እናንተ ትምህርት ቤት ስትሄዱና ከምሳ በኋላ ስትተኙ። ሮማኑን የሣልኩት ከባልኮኒያችን ፊት የነበረውን ዛፍ እያየሁ ነው። የጥጡ አበባ ከእናቴ መንደር ነው። አባትሽ ቀለሙን ያዋሕድልኛል፤ ለዚያ የሚንቀጠቀጥ እጅም ይበቃል። ከጎኔ ተቀምጦ «ቀዩ ጮኸ፣ ትንሽ አብርጂው» ይለኛል። «መጋጠሚያው ታየኝ፣ ቅጠል አልብሺው» ይለኛል። ዓይኑ እንደ ጭልፊት ነበር። አልዋሽሽም ልጄ፣ በሕይወቴ የተደሰትኩበት ጊዜ ቢኖር ያ ነው። የፈራሁበትም ያ ነው። ወረቀቱን ጠቅልሎ ከቤት በወጣ ቁጥር «ዛሬ ይነቃበታል» እላለሁ። ኢንጂነር ዊሊያም ያባርሩታል፣ በአጭበርባሪነት ስሙ ይነሣል፣ ጡረታውም ይቀራል፣ እያልኩ። ዛሬ ጡረታውን የምበላው እኔ ነኝ፤ አሁንም እፈራለሁ።

ሌላም አለ። ይህን ለአንቺም ባልነግርሽ ደስ ባለኝ። ከመሞቱ በፊት ባለው ሳምንት እጄን ይዞ «ደውለት፣ ስለ ጥለቶቹ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለኝ። ሳብሪ በሩ ላይ ነበር። ለልጆቹ ሊናገር ነው ብዬ ደነገጥኩ። «ተው፣ ደክሞሃል፣ በኋላ» ብዬ አፉን ያዝኩት። በኋላ የሚባል ነገር አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ ይህ ይበላኛል። መናገር የፈለገው እሱ ነበር፤ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ አሁን እኔ ልናገር? የሳብሪን ነገር አስቢው። ያችን የምስጋና ወረቀት በየጧቱ በክንዱ ይወለውላታል። አባትህ አልሣለውም ብዬ ብነግረው ፊቴን መልሶ ያየው ይሆን? የፈለግሽውን አድርጊ አልልሽም። ምን ማድረግ እንዳለብሽ አላውቅም።

እናትሽ


ቡርሳ፣ ጥር 8

እማዬ፣

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሥራ ቦታ ነው፤ ከዚያ የቀለም ማከማቻ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። የኀዘን አይደለም። ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም።

በሐሳብሽ እንዳታገላብጪው፣ ሳትጠይቂኝ ቀጥታ ልመልስልሽ። አይ፣ አልተቆጣሁም። አይ፣ አባዬ በዓይኔ አላነሰም። ቀዩ ጮኸ ብሎ የሚያስተካክል ሰው የሥዕሉ ግማሽ ባለቤት ነው፤ እኔ ይህን ለማድረግ ነው ደመወዝ የሚከፈለኝ። አንቺ ግን ዘጠኙን ጥለት በግራ እጅሽ ሣልሻቸው፤ እኔ ደግሞ የሌላ ሰው ስም ላስጽፍባቸው አልችልም። አባዬም አይፈቅድልኝም።

ፊርማው እስከ የካቲት አጋማሽ እንዲቆይ ለምኛለሁ። ምክንያቱን አልተናገርኩም። ለሳብሪ ግን አንቺ ራስሽ ንገሪው። ከእኔ እንዳይሰማው፣ ከጋዜጣም እንዳይሰማው። ካልቻልሽ ጻፊልኝ፤ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ፤ አብረን እንነግረዋለን።

ሂያም


ማሕላ፣ የካቲት 1

ልጄ ሂያም፣

አትምጪ፤ መምጣት አላስፈለገም። ሳብሪ በስልክ እያሳቀ የነገረሽ ሁሉ አሁን ከምጽፍልሽ በኋላ የሆነ ነው፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ፖስታው ላይ «ሳብሪ ሸውቂ፣ የስፌት መኪና መለዋወጫ» ብለሽ ጽፈሽ ስሜን ረስተሽዋል። ለራሱ የመጣ መስሎት ከፈተው። አነበበው። ወደ ቤት ሲመጣ ፖስታውን ፊቴ አስቀመጠና እጁን ሊታጠብ ሄደ። ሦስት ቀን አላናገረኝም። ሰላም ይለኛል፣ ዳቦ ያቀብለኛል፣ ሌላ ቃል የለም። በሦስተኛው ቀን የምስጋና ወረቀቷን ከግድግዳ አውርዶ በብብቱ ይዞ ወጣ። በዚያች ሰዓት የነበርኩበትን አልነግርሽም። ወንበር ላይ ተቀምጬ የተሰቀለችበትን ምስማር ሳይ ቆየሁ።

ሱቁን ዘግቶ የሄደው ለካ ወደ ኢንጂነር ዊሊያም ቤት ነው። ወረቀቷ ላይ የፈረሙት እሳቸው ናቸውና «ይህ እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ሊላቸው። ከቀትር በኋላ በሩ ሲከፈት ሳብሪ ሽማግሌውን በክንዱ ደግፎ ገባ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ሦስት ፎቅ ወጥተው መጡ። እኔ ሊወነጅሉኝ የመጡ መስሎኝ ሻይ ለማፍላት ወደ ማድ ቤት ሸሸሁ።

ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ሻዩን ይዘው ቆዩ። ከዚያ «የሳብሪ እናት፣ ይህን ሁሉ ዓመት እኔን ስትፈሪ ኖርሽ?» አሉኝ።



«ሸውቂ የመጀመሪያውን ወረቀት ይዞ የመጣ ዕለት ነው የነገረኝ» አሉ። «በሩን ዘጋና ‹ይህ የሚስቴ እጅ ነው። እኔን ብትፈልግ አባርረኝ፤ ወረቀቱን ግን እንዳትመልሰው፣ ከእኔ ትበልጣለች› አለኝ። ወረቀቱን አየሁት። ሌላ አምጣ አልኩት።»

አባትሽን ያን ጊዜውኑ ወደ ቀለም ቁጥጥር አዛውረውት ነበር። ከማሽን የሚወጣውን ጨርቅ ሁሉ በዓይኑ ይለይ ነበር፤ ለዚያ ሥራ የሚተካው ሰው ማተሚያ ቤቱ አልነበረውም። ደመወዙን የበላው በዓይኑ ነው። የእኔን ወረቀት ደግሞ ከሥራው በላይ የሚያመጣው ነገር አድርገው ነበር የሚቀበሉት። በስሜ ሊመዘግቡት ፈልገው አባትሽ ነው እንቢ ያለው። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። ለምን ሳይነግረኝ?

«እንዳልነግርሽ ለመነኝ» አሉ። «‹ሰው እንደሚያያት ካወቀች ብሩሹን ትጥለዋለች› አለኝ። ተሳስቶ ነበር?»

አልተሳሳተም። ባውቅ ኖሮ እጥለው ነበር። ያን ማስመሪያ እስከ ዛሬ በጣቶቼ ላይ አውቀዋለሁ።

ሂያም፣ ያን ቀን አፉን ስይዘው ሊነግረኝ የፈለገው ይህን ነበር። ለእናንተ ሊያጋልጠኝ አልነበረም። ከፍርሃቴ ሊያወጣኝ ነበር። ይህን ሳውቅ አለቀስኩ፤ ሳብሪም አለቀሰ፤ ሽማግሌው እኛ እስክንጨርስ በመስኮት ወደ ውጭ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ወዲያ ግን ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነሣ። እንዲህ ቀላል ሆኜ መተንፈስ መቼ እንደነበር ረስቼዋለሁ። በዚያ ሳምንት ጉልበቴ ደረጃ ላይ እንኳ ዝም ብሎኝ ነበር፤ አሁን ተመልሷል።

ሳብሪ ምን እንዳስቆጣው ታውቂያለሽ? የአባቱ ነገር አይደለም። «ለሂያም ብቻ ነገርሽ፣ እኔ እዚሁ አንቺ ጋ እየበላሁ» ነው የሚለኝ። እውነቱን ነው። ይቅርታ ጠየቅኩት። ወረቀቷን መልሶ ሰቀላት።

እንግዲህ ለሴትዮዋ ንገሪያት። ሁሉንም ንገሪያት።

ደውለት


ቡርሳ፣ የካቲት 27

እማዬ፣

ፈረሙ።

ወይዘሮ ኔስሊሃን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ውሉን የሚቀድዱት መስሎኝ ነበር፤ ቢሮ ከመግባቴ በፊት ለሌላ ሥራ የት እንደማመለክት አስቤ ነበር። «እናትሽ በሕይወት አሉ?» አሉኝ። አሉ አልኳቸው። «ታዲያ አምስት ወር ሙሉ ስለ ሞተ ሰው የምታስጽፊኝ ለምንድን ነው?» አሉኝ። ቁጣቸው ይኸው ብቻ ነው። ዘጠኙ ላይ በጨርቁ ዳር «ደውለት ሐሰኔን» ይታተማል፣ ሦስቱ ላይ «ሸውቂ ዐብደል ባሪ»። የዘጠኙ ቀለም የእሱ እንደሆነም ይጻፋል፤ ያንን የጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ እንዳትቃወሚኝ።

የናሙናው ነገር ግን ሊያሳብደኝ ነበር። የመጀመሪያው አምስት ሜትር ሲወጣ ሳየው ልቤ አልተቀበለውም። የሆነ ነገር ጎድሏል፤ ምን እንደሆነ አይታየኝም። ቀለሙን ፈተሽኩ፣ ልክ ነው። መጋጠሚያውን ፈተሽኩ፣ ልክ ነው። በሁለተኛው ቀን ነው የገባኝ፤ ቅጠሎቹ ወደ ቀኝ ዞረዋል። የማሽኑ ሠራተኛ ኦርሁን ደግ ሰው ነው፤ ፋይሉን ሲያየው እኔ ስካነሩ ላይ ገልብጬ ያነሳሁት መስሎት በትሕትና አስተካክሎልኛል። «ማንም እንዲህ አይስልም» አለኝ። «እናቴ ትስላለች» አልኩት። መልሰን አዞርነውና ሌላ አተምን። ያን ጊዜ ሮማኑ ሮማን ሆነ።

አራት ሜትር በሙኒር ልኬልሻለሁ። ሸጠሽ እንዳትበይው፣ ቁረጪና ስፊው። የሳብሪ ሚስት እጅጌ ላይ ትቸኩላለች፤ አንቺው ስፊው።

የጨርቁን ወርድ በስልክ ለምን እንደጠየቅሽኝ ባላውቅም፣ የአሁኑ ማሽን ወርዱ አንድ ሜትር ከስልሳ ነው። የወረቀቱ መጠን ግን እንደ ፈለግሽ ነው፤ እኔ አስተካክለዋለሁ።

ሂያም


ማሕላ፣ መጋቢት 24

ልጄ ሂያም፣

ጨርቁ ደረሰ። መጀመሪያ ሳብሪ ነው የዘረጋው፤ እኔ እጄን መታጠብ አለብኝ ብዬ ሄድኩ፤ ታጥቤም ትንሽ ቆየሁ። ስመለስ ልጆቹ ዳሩን እየተከተሉ ስሜን ጮክ ብለው ያነቡ ነበር። ትንሿ «ደውለት ማን ናት?» አለች። እስከ ዛሬ አያት ብቻ ነበርኩ ለካ።

ጀለቢያ አድርጌ ሰፋሁት። እጅጌው አልተቸኮለበትም። አርብ ለብሼው ወደ መቃብር ሄድኩና አባትሽን ወቀስኩት። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስታየኝ እንዴት ዝም ትላለህ አልኩት፤ ከዚያ አመሰገንኩት፤ ከዚያ እንደገና ወቀስኩት። ስመለስ ኢንጂነር ዊሊያም ቤት ጎራ አልኩ። ጨርቁን ጫፉን ይዘው በመነጽር አዩት። ማተሚያው ከኛ ጊዜው ይሻላል፣ ጥለቱ ያው ነው አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ብዙ ነው። ሳብሪ እንደሆነ ሱቁ ውስጥ አንድ ቁራጭ በመስታወት አድርጎ ሰቅሏል። አረንጓዴው ግድግዳ ላይ ትንሽ ያምራል።

ስለ ወርዱ ለምን ጠየቅሽኝ ላልሽው ይኸውልሽ። ሰኞ ዕለት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ወዳለው የወረቀትና የቀለም ሱቅ ሄድኩ። ያን ጊዜ ሁሉ ብሩሽና ቀለም ከዚያ ነበር የምገዛው። ባለሱቁ ሞቷል፤ አሁን ልጁ ነው ያለው፤ እሱም ፀጉሩ ሸብቷል። ወፍራም ወረቀት ስድስት፣ ሦስት ብሩሽ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ቀለም አልኩት። ጠቅልሎ ሲያበቃ «ለማን ነው፣ ሐጃ? ለልጅ ልጅ ከሆነ ርካሹ ይበቃል» አለኝ። አባቱም ለማን ነው ይለኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለባሌ ነው እያልኩ ነው የወጣሁት።

«ለእኔ ነው» አልኩት። «ጥሩውን ስጠኝ።»

ደውለት ሐሰኔን